ሒሳብ መቀየር ይቻላል፤ ዕዳን መደበቅ ግን አይቻልም

ረመዷን የጾም ወር ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ወር ነው። ብዙ ቤተሰብ ዘካውን የሚያሰላው በዚህ ወር ነው። ያለውን ሲቆጥር ያለበትም ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ወደ እኛ ከሚመጡት ጥያቄዎች መካከል ስለ ዕዳ የሚነሱት ጥቂት አይደሉም።

አንዱ ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «የባንክ ብድር አለብኝ፤ የጅምላ ነጋዴም ዕዳ አለብኝ። አበዳሪዎቼን አነጋግሬ በየወሩ የምከፍለውን በጽሑፍ ልወስን አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሒሳቤን ከወለድ ነፃ ወደሆነ አገልግሎት ባዛውር ይፈቀድልኛል? ወይስ ከዕዳ መሸሽ ይሆንብኛል?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፤ ማዛወሩ ይፈቀዳል፣ መደበቁ አይፈቀድም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኒያና የአሠራር ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

ዕዳው ከየት መጣ?

ጥያቄውን ለመረዳት የቱርሚን ንግድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሐመር ወረዳ ያለችው ቱርሚ ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ ይቆምባታል። ሐመሮች ማር፣ ቅቤ፣ ፍየልና ማሽላ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለሱቁ ደግሞ ጨው፣ ስኳር፣ የቡና ገለባና ጨርቅ ያቀርባል። ሌላው የከተማዋ ገቢ የሐመርን ባህል ለማየት ከሚመጣው እንግዳ የሚገኘው ነው።

ሁለቱም በተከታታይ ተጎዱ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ቱሪስት ቀረ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ዝናብ በተከታታይ ሲጠፋ ደግሞ በ2014 እና በ2015 የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ከብቱ አለቀበት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባለሱቁ በድሮ ዋጋ የሸጠውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መተካት ነበረበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለው የቱርሚ ባለሱቅ ተበዳሪም አበዳሪም ነው። ባንክና የጂንካ ጅምላ ነጋዴ ይጠይቁታል፤ እርሱም በዱቤ የሰጣቸው አርብቶ አደሮች አሉት። ይህን ነጥብ ኋላ ላይ ስለምንመለስበት እንያዘው።

ነቢዩ ባለዕዳን እንዴት ያዙት?

ዕዳ መኖሩ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በሞቱ ጊዜ የብረት ልብሳቸው አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በ30 ሷዕ ገብስ በመያዣነት ተቀምጦ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ኃጢአቱ መክፈል እየቻሉ ማዘግየት ነው፤ እርሳቸውም ይህን በደል ብለውታል።

ስለ ስምምነት ደግሞ ሁለት ታላላቅ ምሳሌዎች አሉን። የመጀመሪያው የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ነው። ከዕብ በኢብኑ አቢ ሐድረድ ላይ የነበራቸውን ገንዘብ በመስጊድ ውስጥ ሲጠይቁ የሁለቱም ድምፅ ከፍ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የክፍላቸውን መጋረጃ ገለጥ አድርገው ወጡና ለከዕብ ግማሹን እንዲተዉ በእጃቸው አመለከቱ። ከዕብም እሺ አሉ። ከዚያ ነቢዩ ወደ ባለዕዳው ዞረው ተነስቶ የቀረውን እንዲከፍል አዘዙት። ልብ እንበል፤ አበዳሪው ቀለል አደረገ፣ ባለዕዳውም ወዲያው እንዲከፍል ታዘዘ። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

ሁለተኛው በሙስሊም የተዘገበ ነው። አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ተበላሽቶበት ዕዳው በዛ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጀመሪያ ሰዎች ምጽዋት እንዲሰጡት አደረጉ። የተሰበሰበው ለዕዳው አልበቃም። ያን ጊዜ አበዳሪዎቹን ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ በላይ እንደሌላቸው ነገሯቸው። ድርቅ ለጎዳው አገር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። ግን ይህ ፍርድ የቆመው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የሰውየው ንብረት ሁሉ ፊት ለፊት የሚታይ ነበር። የተደበቀ ንብረት ካለ «ያገኛችሁትን ውሰዱ» ማለት ፍትሕ መሆኑ ይቀራል።

አዲሱ ሒሳብ ለምን ይከፈታል?

ሒሳብ ለመቀየር ሁለት ትክክለኛ ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ከወለድ መራቅ ነው። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አገልግሎቱን «ኑር» በሚል ስም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሆነው ሥራ ጀመሩ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ገቢው ወለድ በማይታሰብበት ሒሳብ እንዲገባ መፈለጉ የሚበረታታ ነው። መስኮቱ በመደበኛ ባንኮች ውስጥም ስላለ፣ ሩቅ ከመሄድ በፊት በአቅራቢያ ያለውን ቅርንጫፍ መጠየቅ ይቀድማል።

ሁለተኛው የቤተሰብ ቀለብ ነው። ብድሩ የተወሰደበት ባንክ ውስጥ ያለ ሒሳብ ገንዘብ ሲገባበት በውሉ መሠረት ሊቆረጥ ይችላል። በስልክ የሚወሰዱ ትንንሽ ብድሮችም ገንዘብ ሲገባ የሚቆርጡ አሉ። የኢፍጧር ዱቄት መግዣና የብድር ክፍያ በአንድ ሒሳብ ሲቀላቀሉ ሚስትና ልጆች የሚበሉት መቼ እንደሚኖር አይታወቅም። ለቀለብና ለክፍያ የሚሆነውን መለየት ሥርዓት እንጂ ተንኮል አይደለም።

አንድ ስህተት ግን እናርም። አዲሱ ሒሳብ የድሮውን ብድር አይሰርዝም፣ ሐላልም አያደርገውም። የሚያጠራው ከዛሬ በኋላ የሚገባውን ገንዘብ ነው። የተፈረመ ውል አለ፤ ቁርኣንም በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ አማኞችን ቃል ኪዳን እንዲሞሉ ያዛል። ከወለድ የመውጫው መንገድ ብድሩን ቶሎ ከፍሎ መጨረስ፣ ዳግመኛም አለመግባት ነው።

ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ዕዳው ሁሉ ይጻፍ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በመርህ ደረጃ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የባንኩ፣ የጅምላ ነጋዴው፣ የጎረቤቱ፣ የስልኩ ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍ። ባልና ሚስት አብረው ይጻፉት። ሚስት ያላወቀችው ዕዳ ቤት የሚያፈርስበት ቀን ይመጣል።

ቀጥሎ በእጃችሁ የሌሉ ቼኮች ይቆጠሩ። የጂንካው ነጋዴ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ይዞ ከሆነና እናንተ ሒሳቡን ባዶ ካደረጋችሁት፣ ቼኩ ስንቅ የሌለው ይሆናል። ይህ ደግሞ የዕዳ ነገር መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ቼኩ ተመልሶ በስምምነት ሳይተካ የድሮው ሒሳብ አይነካ።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ሒሳቡ ከመቀየሩ በፊት ለአበዳሪው መናገር። ወደ ባንኩ ሄዶ «ገቢዬን ወደዚህ ሒሳብ ላዛውር ነው፤ የእናንተን ክፍያ ግን በየወሩ በዚህ ቀን ይህን ያህል አስገባለሁ፤ ይህን በጽሑፍ እንስማማ» ማለት ነው። ባንኮች የተበዳሪን መረጃ በብሔራዊ ባንክ ማዕከል በኩል ይለዋወጣሉ፤ በፋይዳ መታወቂያም ደንበኛን መለየት ጀምረዋል። ስለዚህ ድብብቆሽ ሩቅ አያስኬድም። ባያውቁ እንኳ አላህ (ሱ.ወ.) ያውቃል።

ጊዜም መታወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የያዘውን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ሊሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ የሚደረግ ንግግርና ሳይመጣ የሚደረግ ንግግር አንድ አይደሉም። ዕዳው ለከበደ ነጋዴ የ2013ቱ የንግድ ሕግ ከመክሰሩ በፊት በፍርድ ቤት አማካይነት ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበትን ሥርዓት አስቀምጧል። ለትንሽ ሱቅ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ምስክር ያለበት የጽሑፍ ስምምነት ይበቃል።

የድሮው ሒሳብ የሚዘጋው በመጨረሻ፣ ስምምነቱ ተፈርሞ የመጀመሪያው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ገንዘቡን በሚስት ወይም በልጅ ስም ማስቀመጥስ? ሚስት በሸሪዓ የራሷ ገንዘብ አላት፤ መህሯም የባሏ አበዳሪ አይደርስበትም። የባልን ገንዘብ በዕዳ ዋዜማ ወደ ስሟ ማዞር ግን የእርሷን መብት ማክበር ሳይሆን እርሷን የማታለል ተባባሪ ማድረግ ነው።

ዋሱን አንርሳ

በእኛ አካባቢ ብዙ ብድር በዋስ ወይም እርስ በርስ በሚዋዋሱ ቡድኖች የተወሰደ ነው። ሰውየው ገቢውን ሳይናገር ሲያሸሽ ባንኩ የሚሄደው ወደ ዋሱ ነው። ዋሱ ደግሞ አብሮን የሚሰግድ፣ ምናልባትም ዛሬ ማታ ለኢፍጧር የሚጠራን ጎረቤት ነው። አቡ ቀታዳህ (ረ.ዐ.) የአንድን ሟች ሁለት ዲናር ዕዳ እከፍላለሁ ብለው ሲዋሱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈላቸውን ተከታትለው ይጠይቋቸው ነበር። ዋስትና ይህን ያህል ከባድ ነው። ስለዚህ የስምምነቱ ቀን ዋሱ አብሮ ይቀመጥ፤ በቀጥታ የሚመለከተው ነውና።

አንድ ምሳሌ

አንድ ባለሱቅ 240,000 ብር ዕዳ አለበት እንበል። ለባንክ 144,000፣ ለጅምላ ነጋዴ 72,000፣ ለጎረቤት 24,000 ብር። ሱቁ በወር 22,000 ብር ያተርፋል፤ ቤቱ በቁጥብነት 12,000 ይፈልጋል። 10,000 ይቀራል። በፊቅህ የታወቀው መንገድ አበዳሪዎች እንደ ዕዳቸው መጠን እንዲካፈሉ ነው። ባንኩ 60 በመቶ ስለሆነ 6,000፣ ነጋዴው 3,000፣ ጎረቤቱ 1,000 ብር በየወሩ ያገኛሉ። ዋናው ዕዳ በ24 ወር ያልቃል። ባንኩ እንደ ውሉ ወለድ ካሰበ ጊዜው ይረዝማል፤ መያዣ የያዘ አበዳሪም በመያዣው ላይ ቀዳሚ መብት አለው። እነዚህ በድርድር የሚታዩ ናቸው። ዋናው ነገር ጎረቤት ዝም ስላለ አይዘለል፤ ባንክም ስለሚያስፈራ ብቻ ሁሉን አይውሰድ።

አበዳሪም ይሰማ

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። ከባንክ ጊዜ የሚጠይቀው ባለሱቅ በደብተሩ የአርብቶ አደሮች ስም አለው። ከብታቸው በድርቅ ያለቀባቸው ናቸው። በሱረቱል በቀራህ 280ኛው አንቀጽ አላህ ችግረኛ ባለዕዳ እስኪመቸው እንዲጠበቅ ያዛል፤ መማር ደግሞ የበለጠ መሆኑን ይነግረናል። አንቀጹ የሐመሩ ፍየል ጠባቂ ሙስሊም ነው አይደለም ብሎ አይጠይቅም። ለራሳችን 24 ወር የምንለምን ሰዎች ለእርሱ ቀጣዩን ዝናብ ልንጠብቅለት ይገባል። ዱቤውም በደብተር ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በሚያምነው ሰው ፊት ይነበብለት።

ዘካ አውጪዎችም እንዲሁ። በሱረቱ ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ከተጠቀሱት ስምንት የዘካ ተቀባዮች አንዱ ባለዕዳዎች ናቸው። በኃጢአት ሳይሆን በችግር ዕዳ ውስጥ ገብቶ መክፈል ያቃተው፣ ደብተሩን ከፍቶ የሚያሳይ ወንድም ወይም እህት ከዚህ ድርሻ ይገባዋል። አምስት ቤተሰብ ዘካቸውን አሰባስበው የአንድ ሰው ዕዳ ሩቡን ቢከፍሉለት፣ አበዳሪዎቹ የቀረውን እንዲያራዝሙ ለመለመን ፊት ይኖረናል። ነቢዩም ያደረጉት በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር፤ መጀመሪያ ምጽዋት፣ ከዚያ የአበዳሪዎች መታገሥ።

ዒድ ሳይደርስ ቀኖች አሉን። ዕዳ ያለበት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዝ፣ ቼኮቹን ይቁጠር፣ ዋሱን ይጥራ፣ ባንኩ ዘንድ በራሱ እግር ይሂድ። ከዚያ ሒሳቡን ወደ ፈለገው ሐላል መንገድ ያዛውር። አበዳሪ ያለውም ስልኩን ያንሳና ጊዜ ይስጥ። አላህ የዕዳን ሸክም ያቅልልልን፣ የምንከፍልበትን በረካ ይስጠን፣ ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።