ግጥም ብሎ የሚዘጋ በር

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ወገን፣ ጌታ የተሰቀለበትን ኮረብታ ስም በወረሰው በቀራንዮ ሰፈር፣ ከመድኃኔ ዓለም ደብር ብዙም ሳይርቅ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ጋራዥ አለ። ከቅዳሴ መልስ በደጁ የሚያልፉ ምእመናን ዘወትር ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማቸዋል፤ እኔ የገባሁበት ቀን ግን መዶሻው ጸጥ ያለበት ቀን ነበርና ሥራ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ረዳቶቻቸው «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ሽበት የወረሳቸው ባለሙያ፣ ቀለሟ ተፍቆ፣ መስተዋቷ ወጥቶ፣ ወንበሯ ተነሥቶ በአራት ጉማጅ እንጨት ላይ በቆመች አሮጌ ቮልስዋገን አጠገብ ተንበርክከው፣ በሯን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ደግሞ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በእጃቸው የያዙት ውፍረቷ 4 ሚሊሜትር የሆነች፣ ከጣውላ ተልጋ የወጣች ስስ እንጨት ነበረች። ይህችን እንጨት በበሩና በአካሉ መካከል ባለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች ያንሸራትቷታል፤ እንደ ልብ ካለፈች ዝም ይላሉ፣ ከተያዘች በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ የሠሩት ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ በር ላይ።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አማርኛችን ቃሉን አስቀድሞ ያዘጋጀለት ይመስላል። በሩ ከመቃኑ ሲስማማ «ግጥም አለ» እንላለን፤ ስንኝ ከስንኝ ያስማማውንም ሰው «ገጠመ» እንለዋለን። ቤት የማይመታ ስንኝ ለብቻው ሲነበብ ጉድለቱ እንደማይገለጥ ሁሉ፣ መሬት ላይ የተጋደመ በርም ለብቻው ሲታይ ጠማማነቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከጎረቤቱ ላሜራ ጋር ሲገናኝ ነው። ስለ አሮጌ መኪና እድሳት የሚናገሩ ብዙዎች ስለ ሞተሩና ስለ ቀለሙ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የእድሳቱ ልብ ያለው በዚህ በማስማማቱ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሞተር ቢበላሽ ተፈትቶ ይታደሳል፣ ሳይስማማ የተበየደ አካል ግን እንደገና ካልተቆረጠ በቀር መድኃኒት የለውም።

በአጭሩ ቮልስ የምንላት ይህች መኪና ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። በጀርመን አገር በፌርዲናንድ ፖርሽ ንድፍ ተወጥና፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ በብዛት እየተሠራች፣ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. እስከ ወጣችበት ዕለት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የሆኑ እኅቶቿ በምድር ላይ ተሰማርተዋል። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነውና፣ ዳገት ለበዛበትና ውሃ ለሚርቅበት አገራችን የተስማማች ሆና ተገኘች። የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ነበርና፣ የዚያን ዘመን ሰው ይህችን መኪና ሲያይ ከመጓጓዣነቷ ሌላ የሚያስታውሰው ነገር አለው። ዛሬ ደግሞ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፣ በ2016 ዓ.ም.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ያሉን ቮልሶች ያሉን ብቻ ናቸው። አንዷ ብትጠፋ ምትክ የላትም።

አሠራሯን ጥቂት እንመልከት። ወለሏ፣ መሐሉን እንደ አከርካሪ የሚያቋርጥ ቱቦ ያለው ለብቻው የቆመ ክፍል ነው፤ አካሏ ደግሞ በላዩ ተጭኖ፣ በዙሪያው ብሎን እየታሰረ፣ በመካከል ጎሚኒ እየገባ ከወለሉ ጋር ይዋሐዳል። አራቱ ፓራፋንጎዎች ብየዳ አያውቃቸውም፤ ሁሉም በብሎን የሚታሰሩ ናቸው፣ በእነርሱና በአካሉ መጋጠሚያም ቀጭን የጎሚኒ ጥለት ይገባል፤ ይህ ጥለት ላሜራ ከላሜራ እንዳይፋቅ ከማድረጉም በላይ የመጋጠሚያውን ጥቂት መዛነፍ ይሸፍናል። እንግዲህ ታክሲ የገጨው ፓራፋንጎ ተፈትቶ ሌላ ሊታሰር ይችላል፤ ቮልስ በከተማችን ይህን ያህል ዘመን የኖረችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብል የሚከራከረኝ አይኖርም።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። በሌሎች ብዙ መኪኖች ከበሩ ፊት ያለው ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ስለሆነ፣ የፊቱ ክፍተት ቢጠብ ወይም ቢሰፋ ፓራፋንጎውን ወደ ፊት ወደ ኋላ በመግፋት ማስተካከል ይቻላል። የቮልስ በር ግን ከፊቱም ከኋላውም በብየዳ የቆሙ፣ የማይነቃነቁ ሁለት ግድግዳዎች አሉት፤ ስለዚህ አንዱን ክፍተት ለማስፋት ሲሉ ሌላውን ማጥበብ ግድ ይሆናል፣ ሁለቱም ከጠበቡ ደግሞ ጥፋቱ ከበሩ ሳይሆን ከአካሉ ነው ማለት ነው። የዚህም ጥፋት ምንጭ ብዙ ጊዜ ከበሩ ሥር ተጋድሞ የሚገኘው ባዶ ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን ከኋላ ካለው ሞተር የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ያሻግራል፤ ይህ ብቻ ሳይሆን የአካሉን ክብደት ከተሸከሙት አንዱ ነው። የክረምት ጭቃና ውሃ ከታች ያረጥበዋል። ከኋላ ወንበር ሥር ከሚቀመጠው ባትሪ የሚፈሰው አሲድ ደግሞ ወለሉን ይበላዋል፤ ወለሉና ሳጥኑ ሲዝጉ መኪናይቱ ወገቡ እንደ ተቀነጠሰ ሰው ቀስ በቀስ ትጎብጣለች።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አላወቅሁትም። በወጣትነቴ ቤታችን የነበረችው ቮልስ ለእድሳት ወደ አንድ ጋራዥ ገብታ፣ ሠራተኞቹ ሁለቱንም ሳጥኖች በአንድ ቀን፣ ያለ ምንም ድጋፍ፣ አካሉን ከወለሉ አንሥተው ቆረጡ። አዲሱን ላሜራ በይደው በሩን ሊያስገቡ ቢሞክሩ የበሩ ቦታ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ጠብቦ ተገኘ። ያን ጊዜ የበሩን ጠርዝ በሞረድ አሳነሱት፣ የተጎዳውን በስቱኮ ደፈኑት፣ ቀለም ቀብተው አስረከቡን፤ ለዓይን አምራ ነበር። የመጀመሪያው ሐምሌ ሲመጣ ውሃ በበሩ ጠርዝ እየገባ ወንበሩን አራሰው፣ ስቱኮውም ተሰንጥቆ እንደ ደረቀ እንጀራ እየተቆረሰ ወደቀ። አባቴ ስለዚያች መኪና ያዘኑትን ኀዘን አሁንም አልረሳሁትም።

የቀራንዮው ባለሙያ ሥርዓት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። አንዲት ላሜራ ሳትቆረጥ በፊት በሮቹ በቦታቸው እንዳሉ ክፍተቱን ሁሉ ለክተው በደብተር ይጽፋሉ፤ ከዚያም በበሩ መግቢያ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራም ወደ ቀኝ የብረት ወጋግራ በይደው አካሉ እንዳይላወስ ያስሩታል። አካሉ ከወለሉ ጋር በብሎን እንደ ታሰረ አንዱን ጎን ብቻ ቆርጠው አዲሱን ሳጥን በጥቂት ነጥብ ይይዙታል፤ በሩን ሰቅለው ያያሉ፤ ክፍተቱ ከተስማማ በኋላ ብቻ ሙሉውን ይበይዳሉ። ሲበይዱም በአንድ መስመር አይሄዱም፤ ጥቂት እዚህ፣ ጥቂት እዚያ እያሉ፣ በመካከልም እስኪቀዘቅዝ እየጠበቁ ነው። የመኪና ላሜራ ውፍረት ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ብቻ ነውና፣ እሳት ሲነካው ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም ከቀድሞው ይልቅ ተኮማትሮ ይቀራል፤ የተቸኮለበት ብየዳ ቀኑን ሙሉ የተስተካከለውን በር በአንድ ሰዓት ያጣምመዋል።

በሩን ሲሰቅሉ መጀመሪያ የሚፈትሹት ማጠፊያውን ነው። በሩን ከፍተው ጫፉን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ያነሡታል፤ ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ የማጠፊያው ዘንግ ተበልቷል ማለት ነውና፣ ያን ሳይለውጡ ክፍተት ማስተካከል በአሸዋ ላይ ቤት እንደ መሥራት ይቆጥሩታል። ቀጥሎ የበሩ ቁልፍ የሚነክሰውን ብረት ከአካሉ ላይ ይፈቱታል። አንደኛው ረዳት ምክንያቱን አላወቀምና «ጋሼ፣ ይህስ ለምን ይወጣል?» ቢላቸው፣ «እሱ እያለ በሩ ሲወድቅ ያነሣዋል ልጄ፤ በሩ በራሱ መቆሙን በምን እናውቃለን?» ብለው መለሱለት። ጎሚኒውንም ሳያስገቡ ውሳኔ አይሰጡም፤ አዲስ ጎሚኒ ወፍራም ሲሆን በሩን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ ያለ ጎሚኒ የተስማማው በር ከጎሚኒ ጋር ሳይስማማ ይቀራል። የክፍተቱ ልክ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው፤ ነገር ግን ቀለም በሁለቱም ጠርዝ ላይ ተደርቦ ስለሚያጠበው፣ ከቀለም በፊት ጥቂት ሰፋ አድርገው ይተዉታል። ከስፋቱ ይልቅ የሚጨነቁት ለእኩልነቱ ነው፤ ከላይ 4 ከታች 4 የሆነ ክፍተት ሰፋ ቢል እንኳ ዓይን ይቀበለዋል፣ ከላይ 3 ከታች 5 የሆነውን ግን ሩቅ ቆሞ የሚያይ ሰው እንኳ ምክንያቱን ሳያውቅ ቅር ይለዋል።

ከክፍተቱ ሌላ ከፍታም አለ፤ በሩ ከጎረቤቱ ወጣ ወይም ገባ ማለት የለበትም። ይህን የሚያውቁት በመዳፋቸው ነው፤ ስስ ጨርቅ በእጃቸውና በላሜራው መካከል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከአካሉ ወደ በሩ ቀስ ብለው ያሻግሩታል። መዳፍ የሚሰማውን ዓይን አያየውም ይላሉ፤ እኔም ሞክሬ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ጉብታይቱ ተሰማችኝ። ጉብታው በመዶሻና ከኋላ በሚደገፍ ብረት ይወርዳል፤ ስቱኮ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ እሱም እንደ ቅባት ስስ ሆኖ ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይያዝ፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ላሜራው በወፍራም ስቱኮ ተሸፍኗል።

የሥራው ቋንቋ ራሱ ታሪክ አለው። ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ጎሚኒ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም ከጣሊያን አፍ ወደ እኛ ጋራዥ የገቡ ቃላት ናቸው፤ አሁን ግን የቀራንዮ ልጅ ባዕድነታቸውን አያውቅም። ምትክ ክፍል የሚፈለገው ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ሲሆን፣ በዚያም ጥንቃቄ ያሻል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የቮልስ የፊት መብራት ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ከዚያ በፊት ወደ ኋላ ያጋደለ ነበርና፣ የኋለኛውን ዘመን ፓራፋንጎ በቀደመችው መኪና ላይ ያሰረ ሰው በአረጋዊ ፊት ላይ የወጣት ዓይን ያኖረ ያህል ነው። ጎዶሎ ብራና የሚያድስ ጸሐፊ የጠፋውን ቅጠል በቀደመው ጸሐፊ ቁም ጽሕፈት አምሳል እንደሚጽፍ፣ ጋሼም የጠፋውን ላሜራ ከዚያው ዘመን መኪና ቆርጠው ይተካሉ እንጂ ያገኙትን ሁሉ አይለጥፉም።

ከምሳ በኋላ በሩ ተስማማ። ረዳቱ ዘጋውና ድምፁን ሰምቶ ደስ አለው፤ ጋሼ ግን ገና ነው አሉ። ቮልስ አየር የማታስወጣ ጥብቅ መኪና ስለሆነች፣ መስተዋቷ ሁሉ ገብቶ ሲዘጋ በውስጥ የታፈነው አየር በሩን መልሶ ይገፋዋል፤ ባለቤቶቿ በሩን ለመዝጋት መስኮቱን ጥቂት ዝቅ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። ስለዚህ መስተዋት በሌላት መኪና ላይ በሩ የሰጠው ምስክርነት ሙሉ አይደለም። ጋሼ ከኪሳቸው ሹል ምስማር አውጥተው፣ በማጠፊያው ዙሪያ በምሰሶው ላይ ቀጭን ጭረት አሰመሩ፤ በሩ ለቀለም ወጥቶ ሲመለስ የሚቀመጠው በዚያ ጭረት ውስጥ ነው። ከዚያም ካቻቢቴያቸውን አንሥተው፣ ከጧት ጀምረው ያስማሙትን በር መፍታት ጀመሩ።