ስም ጻፊዋ እህቴ እና አንቀጽ 12

ታናሽ እህቴ 8ኛ ክፍል ናት፤ የምትማረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከወር በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት ለሚኒስትሪ እየተዘጋጀች "በቃ ጠይቀኝ" ብላ የዜግነት ትምህርት መጽሐፏን ሰጠችኝ። ጠየቅኳት። የዴሞክራሲ መርሆዎች? ዘርዝራ ጨረሰች። የሕግ የበላይነት? ትርጉሙን ሳትተነፍስ አወረደችው። ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣስ? "ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 12!" እኔ የአንቀጹን ቁጥር ረስቼዋለሁ። ስልኬ ላይ ገብቼ አየሁት፤ ልክ ናት።

መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ ግን ፊቷ ጠቆረ። "ጓደኛዬ አኩርፋኛለች" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የክፍል አለቃ ናት። መምህር በሌለበት ሰዓት የሚያወራውን ልጅ ስም ወረቀት ላይ ትጽፋለች። የዚያን ቀን የጓደኛዋን ስም ጻፈች። ልጅቷ ለጎረቤቷ የሒሳብ ጥያቄ እያስረዳች ነበር፤ ያው ማውራት ማውራት ነው። መምህሯ ስትመጣ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ስም ጠራች፣ የተጠራውን ሁሉ አንበረከከች። "ለምን?" ብሎ የጠየቀ የለም።

"ባልጽፋት ደግሞ ለጓደኛዋ ታዳላለች ይሉኛል" አለች እህቴ።

"ማን ነው አለቃ ያደረገሽ?"

"ቲቸር ናታ!" ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየችኝ።

"ተማሪዎቹ ሊያነሱሽ ይችላሉ?"

ሳቀች። "እንዴ! እኔ ራሴም መልቀቅ አልችልም እኮ።"

አንቀጽ 12ን በቃሏ የያዘች ልጅ ናት ይህን የምትለኝ። ልወቅሳት ግን አልችልም፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የኛ ዘመን ሲቪክስ 11 እሴቶች ነበሩት፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ እያለ ቁጠባና እውቀትን መሻት ድረስ የሚሄድ። ከክፍል ክፍል ስናልፍ ያው 11 ምዕራፍ እየወፈረ ይከተለን ነበር። ሃይስኩል ስንገባ ደግሞ ሲቪክስን በፕላዝማ ተማርን። ለማታስታውሱት ልንገራችሁ፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሃይስኩል ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስ "ጎበዞች!" ብሎ ያልፋል። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ያስተማረን እጅ ብናወጣ የማያየን ቴሌቪዥን ነው። ከሰዓት ደግሞ አንድ ለአምስት ነበር፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከላይ፣ አምስታችን ከሥር። ጎበዙን የመደበው ማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም።

ፈተናው ላይ ሲቪክስ ውጤት ማንሻ ነበር። እኔም አነሳሁበት።

ታዲያ አምና ሰፈራችን ለኮብልስቶን መዋጮ ከፍሎ ሥራው ግማሽ ላይ ሲቆም ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ስላመማት እኔ ሄድኩ። ሰብሳቢው ረጅም ሪፖርት አነበበና "ጥያቄ ያለው?" አለ። ጥያቄ ነበረኝ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ የአንድ ሰፈር ሒሳብ አይጠፋኝም፤ ከተሰበሰበው ብር ውስጥ ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ቀረ የሚለው በሪፖርቱ ውስጥ አልነበረም። እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ቀረ። ሰው ምን ይለኛል፣ ነገ መታወቂያ ለማሳደስ ስሄድስ የሚል ነገር ያዘኝ።

የጠየቁት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያለፈ የላቸውም። "ልጄ፣ ደረሰኙ የታለ?" አሉ፣ ቁጭ ባሉበት። ሴትዮዋ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው። እድር ውስጥ ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ይሻራል፤ ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል፤ አንድ ድንኳን ቢጠፋ ሳይጠየቅ የሚታለፍ የለም። ሴትዮዋ ይህን ከዓመት ዓመት ሲሠሩት ስለኖሩ ሰብሳቢው አላስፈራቸውም። እኔ ደግሞ ከቤት "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚለውን ሰምቼ፣ ከክፍል ተቃራኒውን በጽሑፍ አጥንቼ፣ ጭንቅ ሲመጣ የቤቱን ነው የታዘዝኩት።

እዚህ ላይ ሙያዬ ትዝ ይለኛል። መንግሥት ለምን ለሰው ልጅ ትምህርት ይከፍላል? ሚልተን ፍሪድማን ዕድሜውን ሙሉ መንግሥት እጁን ከገበያ ይሰብስብ ሲል የኖረ ሰው ነው። እሱ እንኳን በ1955 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ሲጽፍ፣ አብዛኛው ዜጋ መጠነኛ እውቀትና የጋራ እሴት ከሌለው የተረጋጋ ዴሞክራሲ አይኖርም፤ የኔ ልጅ ስትማር ጎረቤቴም ይጠቀማል፤ ስለዚህ ወጪውን መንግሥት ቢሸፍን ተገቢ ነው ብሏል። ትምህርት ቤቱን ግን የግድ መንግሥት ያስተዳድረው አላለም፤ ወላጅ በኩፖን ይምረጥ ባይ ነው። በዚህ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ገቢ ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ልጁን ወደ ግል ማዛወር ነው፤ አልፈርድበትም። ግን የእህቴ ዴስክ ላይ የጥበቃ ሠራተኛ ልጅና የባለሱቅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነገ አብረው የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ ሳይመራረጡ አንድ ዴስክ የሚጋሩበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

የሚያሳዝነው ያንን ዴስክ የምንጠቀምበት ለፈተና ብቻ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ ትምህርት ቤት በውይይት ጊዜ ማባከን አይፈልግም፤ ይገባኛል። ግን መጽሐፉ ተቀየረ፣ ስሙም ከሲቪክስ ወደ ዜግነት ትምህርት ተቀየረ፤ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ግን ከኔ ዘመን እስከ እህቴ ሳይነካ ደርሷል።

እናቴን ወክዬ የእህቴን መምህር አናገርኳት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደክሟታል። "ከ60 በላይ ልጅ ነው የያዝኩት፤ ምርጫ ላካሂድላቸው?" አለችኝ። "አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፤ የዜግነት ትምህርቱን" አልኳት። ትንሽ አስባ "እስቲ" አለች።

ዓርብ ዕለት ተመረጠ፤ በተቆራረጠ ወረቀት፣ በምስጢር። እህቴ 9 ድምፅ አግኝታ ወደቀች። እውነቱን ለመናገር እሷ ደስ ብሏት ነው የመጣችው፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ። ያሸነፈው "እኔ ስም አልጽፍም" ያለ ልጅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጻፈ። የእህቴም ስም አለበት።

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"ለቲቸር ከመስጠትህ በፊት ለኛ አንብብልን አልኩት። ጓደኛዬም 'አዎ አንብብ' አለች።"

"አነበበ?"

"ግማሹን ሰርዞ አነበበ።"