የሕግ ማስፈጸም ኃላፊነት ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር

መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን ሲያጣምር ወይም ሲከፍል የሕጉ ቃል እንዳለ ሆኖ አስፈጻሚው ይለወጣል። በዚህ አጭር ጥናት ዝውውሩ በአገራችን እንዴት እንደሚፈጸምና ባለጉዳዩን ምን ላይ እንደሚጥለው እንመለከታለን።

በጥንቱ አስተዳደር ጥያቄው ብዙም አይነሣም ነበር። በጌምድርን የሚገዙት መሳፍንት ደብረ ታቦር ተቀምጠው ግብሩንም፥ ዳኝነቱንም፥ ጦሩንም በአንድነት ይይዙ ነበርና የገሳይ ባላገር ፍርድ ማግኘት ቢቸግረው እንኳ አቤት የሚልበት ደጅ አይጠፋውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን ቢሾሙም በየግዛቱ ይህ ልማድ ወዲያው አልቀረም። ሥራው በሕግ የተከፋፈለው ከ1933 ዓ. ም. ነጻነት በኋላ ነው። በነሐሴ 1934 ዓ. ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ገዥዎችን ደመወዝተኛ አድርጎ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አዋላቸው፤ በጥር 1935 ዓ. ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 ደግሞ የሚኒስትሮችን ሥልጣን ለይቶ ወሰነ።

ከዚያ ወዲህ ድልድሉ ደጋግሞ ተለዋውጧል። ለምሳሌ በ2000 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 587 የገቢዎች ሚኒስቴርን ከጉምሩክና ከአገር ውስጥ ገቢ ባለሥልጣኖች ጋር በአንድ ባለሥልጣን አዋሐደ፤ በ2011 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 1097 የገቢዎች ሚኒስቴርን መልሶ አቋቋመ።

የበለጠ የሚያስተምረን የሠራተኛው ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ሚኒስቴር» ሲል የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማለቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ግን የሥራውን ጉዳይ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፥ ማኅበራዊውን ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አከፋፈለ። ስለዚህ ዛሬ 1156ን ብቻ የሚያነብ ሰው የሌለ መሥሪያ ቤት ስም ያገኛል። ክፍተቱን የሚሞላው የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ነው፤ ይኸውም በሌሎች ሕጎች ለቀድሞው መሥሪያ ቤት የተሰጠው ሥልጣን ለተተኪው እንዲተላለፍ የሚያዝ ነው።

ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። በገሳይ በቀን ሥራ ተቀጥሮ ደመወዙ የቀረበትን ሰው እናስብ። ደመወዝ የመጠየቅ መብት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ይርጋውን ከሚያቋርጡት ነገሮች አንዱ አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል አቤቱታ ማቅረብ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ሥልጣን ካለው አካል ሳይደርስ ወራቱ ቢያልፍ መብቱ ሊቀርበት ይችላል። የክልሉም ቢሮዎች ሥልጣን በክልሉ አዋጅ ስለሚወሰን የፌዴራሉን አዋጅ ማወቅ ብቻውን አይበቃውም።

በአውስትራሊያ እንዲህ ያለው ድልድል ሲለወጥ እያንዳንዱ ሚኒስትር የሚያስፈጽማቸው ሕጎች በስም ተዘርዝረው ይወጣሉ። በእኛም አገር ከመሸጋገሪያው ድንጋጌ ጋር እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢወጣና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢለጠፍ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል ብለን እናምናለን። መሥሪያ ቤት ማደራጀት የመንግሥት መብት ነው፤ አዲሱን ደጅ ለባላገሩ ማሳየት ግን ግዴታው ነው።