የማይያያዙት ሴሎች

እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ሆስፒታል፣ ፍራንክ ፉት እና ፍሬድ ስቱዋርት የተባሉ ሁለት ፓቶሎጂስቶች የጡት ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። ወተት በሚመነጭባቸው ጥቃቅን የጡት ክፍሎች ውስጥ ታጭቀው የሞሉት ሴሎች፣ እንዲያ ተጠጋግተውም እርስ በርስ የተያያዙ አይመስሉም ነበር። ይህን የካንሰር ዓይነት ሎቡላር ብለው ሰየሙት። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ ከቦታው ወጥቶ የሚስፋፋውን ዓይነት ገለጹ። የተለመደው የጡት ካንሰር ተጠቃሎ እብጠት ይሠራል፤ የዚህኛው ሴሎች ግን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ተከታትለው ጤናማውን አካል ሰርስረው ያልፉ ነበር።

መዘዙ ቀላል አልነበረም። እብጠት የማይሠራ ካንሰር በእጅ ሲዳሰስ ያመልጣል፤ ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅም ብዙ ጊዜ አያየውም። “ምንም የለብሽም” ተብላ በተመለሰች ሴት ላይ፣ በሽታው ሲታወቅ ሰፍቶ ይገኝ ነበር። እነዚህ ሴሎች ለምን አይያያዙም? የመልሱ ጫፍ የተገኘው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጭራሽ የጡት ካንሰር በማይጠናበት ላቦራቶሪ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ማሳቶሺ ታኬይቺ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ ተመራማሪ ከኪዮቶ ተነስቶ ባልቲሞር ወደሚገኘው የካርኔጊ ተቋም ሄደ። የሚያጠናው ሴሎች እንዴት እንደሚጣበቁ ነበር። ዘዴውን ከአገሩ ያውቀዋል፦ ፕሮቲን በሚቆራርጠው ትሪፕሲን ሴሎቹን ይበታትናል፤ ከዚያ በፈሳሽ ውስጥ ሲያናውጣቸው መልሰው ይጣበቃሉ። ባልቲሞር ላይ ግን አልጣበቅ አሉት። ያው ዘዴ፣ ያው እጅ፣ ሴሎቹ ግን እንደተበታተኑ ቀሩ።

ታኬይቺ ነገሩን አልተወውም። የሁለቱን ላቦራቶሪዎች አሠራር ሲያነጻጽር ልዩነቱን ትሪፕሲኑ ውስጥ አገኘው። የባልቲሞሩ ትሪፕሲን ኢዲቲኤ የተባለ፣ ካልሲየምን ለቅሞ የሚይዝ ኬሚካል ተጨምሮበት ነበር፤ የኪዮቶው ይህ የለበትም። ነገሩ ገባው። በሴሎቹ ገጽ ላይ አጣባቂ ፕሮቲን አለ፤ ካልሲየም ሲኖር ከትሪፕሲን ይተርፋል፣ ካልሲየም ሲጠፋ ይቆራረጣል። ሁለቱ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ትሪፕሲን ቢጠቀሙ ኖሮ ይህ ምሥጢር ስንት ዓመት ይደበቅ እንደነበር ማን ያውቃል! ግኝቱ በ1977 ታተመ፤ በ1984 ፕሮቲኑ ካድሄሪን ተባለ። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ኢ-ካድሄሪን፣ የጡት ቱቦዎችን የሚሸፍኑ ሴሎችን ጭምር አያይዞ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓቶሎጂስቶች የጡት ካንሰር ናሙናዎችን ይህን ፕሮቲን በሚያሳይ ቀለም መመርመር ጀመሩ። በተለመደው ካንሰር የእያንዳንዱ ሴል ጠርዝ ቡናማ መስመር ያወጣል። በሎቡላሩ ላይ ግን መስመሩ አልነበረም። ታዲያ ፕሮቲኑ የጠፋው በካንሰሩ ምክንያት ነው፣ ወይስ ካንሰሩ የመጣው ፕሮቲኑ ስለጠፋ?

የቤልጂየም ጌንት እና የኔዘርላንድስ ላይደን ተመራማሪዎች፣ ከነዚህም ኼርት ቤርክስ፣ ፍራንስ ፋን ሮይ እና አን-ማሪ ክሌቶን-ያንሰን፣ የፕሮቲኑን ጂን በዝርዝር ፈተሹ። ሎቡላር ባልሆኑ 42 ዕጢዎች ውስጥ አንድም ጉድለት አላገኙም። ከ7ቱ ሎቡላር ዕጢዎች ግን በ4ቱ ጂኑ ተበላሽቶ፣ ፕሮቲኑ ከመሃል ተቆርጦ የሚቀርበት ስህተት ነበር። ሥራው በ1995 ታተመ። የፉትና የስቱዋርት እንቆቅልሽ ከ54 ዓመት በኋላ ተፈታ።

ሕክምናው ግን ከእውቀቱ ጋር እኩል አልሄደም። ከወራሪ የጡት ካንሰር ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው ሎቡላር ሆኖ ሳለ፣ ታካሚዎቹ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ይታከሙ ነበር፤ ይህ ያስቆጫል። በ2015 ቢግ 1-98 ከተባለው ትልቅ ጥናት የወጣ ትንተና፣ ሌትሮዞል የተባለው መድኃኒት ታሞክሲፌን ከተባለው ይልቅ የሚሰጠው ጥቅም በሎቡላር ታካሚዎች ላይ ጎልቶ እንደሚታይ አመለከተ። ለየብቻ ሲታዩ የሚገኘው መልስ የተለየ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የለንደኑ የካንሰር ምርምር ተቋም ባልደረቦች ጥያቄውን ገለበጡት። የጠፋውን ፕሮቲን መመለስ ካልተቻለ፣ ሴሉ እሱን ካጣ ወዲህ ያለ ምን መኖር አይችልም? ፍለጋው ሮስ-1 ወደሚባል ሌላ ፕሮቲን መራቸው። ለሳንባ ካንሰር የሚሰጠው ክሪዞቲኒብ የተባለ መድኃኒት ይህን ፕሮቲን ሲያግድ፣ በላቦራቶሪ ኢ-ካድሄሪን የሌላቸው ሴሎች ሞቱ። ግኝቱ በ2018 ታተመ፤ ይህንኑ ሐሳብ በሎቡላር ታካሚዎች ላይ የሚፈትሹ ጥናቶችም ተጀመሩ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ካንሰር እብጠት ሳይሠራ ሊመጣ ይችላል። የጡት አንድ ወገን ከጠጠረ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ ወይም የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማሞግራም “ደህና ነው” ቢልም እንኳ ወደ ሐኪም ተመለሺ፤ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ።