በኖድ የተቆለፈ ሰነድ በብሮውዘር ለምን አይከፈትም?

ጃቫስክሪፕት የትም ቢሄድ ያው ጃቫስክሪፕት ነው የሚሉ ፕሮግራመሮች ያጋጥሙኛል። ምስጢር ሲቆለፍ ግን ነገሩ ይለያል፤ ቆላፊው ቋንቋው ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚሠራበት መድረክ ይዞት የሚመጣው ላይብረሪ ነውና። ኖድ ጄኤስ ኦፕንኤስኤስኤልን ሲጠቀም፣ ኤሌክትሮንና ባን ግን ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚያው ገንጥሎ ያወጣውን ቦሪንግኤስኤስኤልን ይጠቀማሉ።

በቅርቡ አንድ ድርጅት የደንበኞቹን ሰነዶች በኖድ ቆልፎ በብሮውዘር መክፈት ተሳነው። ቁልፉም ያው፣ ስልቱም ያው ኤኢኤስ-ጂሲኤም ነው። ጂሲኤም ግን መረጃው እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 ባይት የሆነ ማኅተም ያወጣል። የብሮውዘሩ ዌብ ክሪፕቶ ይህን ማኅተም ከተቆለፈው መረጃ መጨረሻ ላይ ይቀጥለዋል፤ የኖድ የቆየው ሞጁል ግን ለብቻው ነው የሚያስረክበው። ደግነቱ ማኅተሞቹ በዳታቤዙ ሌላ አምድ ተቀምጠው ስለነበር፣ መልሰን ስንቀጥላቸው ሰነዶቹ ተከፈቱ።

በአንዱ መድረክ ውስጥም ቢሆን አዲስ ሥሪት ሲመጣ ችግር አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የወጣው ኖድ 17 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 ሲሸጋገር ኤምዲ4 ተዘጋና በዌብፓክ የሚገነቡ በርካታ ፕሮጀክቶች ቆሙ። በ2024 የወጣው ኖድ 22 ደግሞ «ክሬትሳይፈር»ን ጨርሶ አስወገደው። ለእኔ የዘገየ ውሳኔ ነው፤ ከይለፍ ቃሉ ቁልፍ የሚያወጣው በኤምዲ5፣ ያውም በአንድ ዙር ብቻ ነበርና። በዚያ የተቆለፈ አሮጌ ፋይል ያለው ሰው ሥሪቱን ከመቀየሩ በፊት ከፍቶ በአዲስ ስልት ቢቆልፈው ይሻለዋል።