ማኮብኮቢያ የማይሹ አውሮፕላኖች ቨርደን ጣሪያ ላይ ማረፍ ይችላሉ?

በምዕራብ ቤይሩት ሁሉም ሰው ቨርደን ብሎ የሚጠራው ጎዳና በመዝገብ ላይ ያለው ስሙ ራሺድ ከራሚ ነው። ከራሚ የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በፈረንጆቹ ሰኔ 1 ቀን 1987 ከትሪፖሊ ወደ ቤይሩት ሲበሩ፣ በተሳፈሩበት የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ተገደሉ። በዚህች ከተማ ያለ ማኮብኮቢያ የሚነሳ በራሪ የቴክኖሎጂ ዜና ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ሊባኖስ የመንገደኞች በረራ የምታስተናግደው ከቨርደን በስተደቡብ በሚገኘው አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2006 እስራኤል ማኮብኮቢያዎቹን ስትደበድብ በረራ ቆመ። አሜሪካ በአውካር ካለው ኤምባሲዋ ከ30 በላይ ሰው መጫን የሚችሉ ሲ.ኤች-53 ሄሊኮፕተሮችን እያስነሳች ዜጎቿን ወደ ቆጵሮስ ማውጣት ጀመረች፤ አብዛኞቹ በኋላ በመርከብ ወጡ። ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የነበረው መውጫ ግን በአውቶቡስ በሶሪያ በኩል ነበር። በ2024 መኸር ታሪኩ ተደገመ። ከአገሪቱ አየር መንገድ በቀር ሌሎቹ በረራ አቋረጡ፣ ጥቅምት 4 ደግሞ ወደ ሶሪያ የሚወስደው የማስናዕ መንገድ ተመታ። እንግዲህ ዱባይ ስለ አየር ታክሲ ስታወራ፣ ቤይሩት ያለው ሰው “እዚህስ ይሠራል?” ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ የሚጀምረው ከአየር ነው። ክንፍ ያለው አውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ የሚሮጠው አየር በክንፎቹ ላይ እንዲያልፍ ነው። በፍጥነት እየተጓዘ ብዙ አየር በመጠኑ ወደ ታች ይገፋል፤ ያም ያነሳዋል። ካለበት ቀጥ ብሎ ለሚነሳው ግን ክንፉ ገና ሥራ አልጀመረም። ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው ሞተሩ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ንድፉን ሁሉ የሚወስን አንድ ሕግ አለ፦ ብዙ አየርን በቀስታ ወደ ታች መግፋት፣ ጥቂት አየርን በኃይል ከመግፋት ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል።

የሄሊኮፕተር ውልብልቢት እንዲያ ሰፊ የሆነው ለዚህ ነው። በአየር ላይ ቆሞ መቆየት አይከብደውም፤ ወደ ፊት መፍጠን ግን ይከብደዋል። የእንግሊዞቹ ሃሪየር ተቃራኒውን መረጠ። የመጀመሪያው ናሙና በጥቅምት 1960 ከመሬት ሲነሳ፣ የጄት ሞተሩ ትንፋሽ በሚዞሩ አራት አፎች ወደ ታች ይወጣ ነበር። በቀጭን መውጫ በኃይል የሚወጣ የጋለ አየር ነውና ነዳጅ ይጨርሳል፣ የሚያርፍበትንም ወለል ይለበልባል። የአሜሪካው ኦስፕሬይ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። በመጋቢት 1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ይህ አውሮፕላን ሁለቱን ትልልቅ ውልብልቢቶች ለመነሳት ወደ ላይ፣ ለመጓዝ ወደ ፊት ያዞራል። በሚያዝያ 2000 አሪዞና ውስጥ አንዱ በፍጥነት ሲወርድ ራሱ ባወከው አየር ውስጥ ገብቶ ተከሰከሰ፤ 19 የባሕር ኃይል ወታደሮች ሞቱ። ቀጥ ብሎ መነሳት ብቻ ሳይሆን ቀጥ ብሎ መውረድም የራሱ አደጋ አለው።

የአሁኖቹ የኤሌክትሪክ አውሮፕላኖች አዲስ ነገራቸው ብዛት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ትንሽና ቀላል ስለሆነ አንድ ትልቅ ውልብልቢት ከመሸከም ይልቅ ብዙ ትናንሾችን በክንፍ ላይ መበተን ተቻለ። ዱባይ የመረጠችው የጆቢ አውሮፕላን የሚዞሩ ስድስት ውልብልቢቶች አሉት፤ አንዱ ሞተር ቢቆም ሌሎቹ ያሳርፉታል ተብሎ ነው የተነደፈው። አብራሪውንና አራት መንገደኞችን ይጭናል፣ በሰዓት እስከ 320 ኪሎ ሜትር ይበራል። ኩባንያው በየካቲት 2024 ከዱባይ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን ጋር የስድስት ዓመት ስምምነት ተፈራርሞ፣ በሰኔ 2025 አብራሪ ባለበት እዚያው ሞክሮታል። አቡዳቢ የምትጠብቀው የአርቸር ሚድናይት 12 ውልብልቢቶች ሲኖሩት፣ የፊተኞቹ ስድስት ይዞራሉ፣ የኋለኞቹ ባሉበት ይቆማሉ።

ይህን ወደ ቨርደን እናምጣው። ቤይሩት ውስጥ ኮንትራት ቤት የሠራች ሁሉ “ኢሽቲራክ”ን ታውቃለች፤ የመንግሥት መብራት ሲጠፋ ከሰፈሩ ጄኔሬተር በወርሃዊ ክፍያ የሚገዛው መብራት ነው። የተለመደው 5 አምፔር ነው፣ ከአንድ ኪሎ ዋት እምብዛም አይበልጥም። ማጠቢያ ማሽኑና ካውያው አብረው ከተሰኩ ይጠፋል። 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው የጆቢ አውሮፕላን በአየር ላይ ቆሞ ለመቆየት ብቻ፣ ከክብደቱና ከውልብልቢቶቹ ስፋት ሲሰላ፣ ከ350 ኪሎ ዋት ያላነሰ ኃይል ይፈልጋል። ይህ ከ300 በላይ ቤቶች ኢሽቲራክ ተደምሮ ማለት ነው። እርግጥ ቆሞ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ክንፉ ሸክሙን ሲረከብ ፍጆታው በእጅጉ ይወርዳል። ቢሆንም ባትሪውን በፍጥነት የሚሞላ መስመር ያስፈልጋል፣ ይህም ከጣሪያው በፊት የሚመጣ ጥያቄ ነው።

ጣሪያው ራሱስ? የቤይሩትን ጣሪያ ከባለቤቱ ይበልጥ የምታውቀው ልብስ ልታሰጣ የምትወጣው ልጅ ናት። የውኃ ታንከሮች፣ የሳተላይት ሳህኖች፣ ሽቦ፣ ከኤሌክትሪክ ቀውሱ ወዲህ ደግሞ የፀሐይ ፓነል ሞልቶበታል። ክብደቱ እንኳ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነውና አውሮፕላኑ ከሁለት ታንከር ተኩል አይበልጥም፤ ልዩነቱ ታንከር ባለበት የሚቀመጥ ሲሆን አውሮፕላን ግን በጥቂት ጎማዎች ላይ እየተጫነ የሚያርፍ መሆኑ ነው። የሚያስቸግረው ከታቹ የሚወጣው ነፋስ ነው። ያልታሰረ ነገር ሁሉ ይነሳል፣ በተጠጋጉ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ አየሩ እየተጋጨ ይመለሳል። ከጣሪያ ይልቅ ባሕሩ ዳር ባለ ገላጣ ቦታ ይሻላል።

በጦርነት ጊዜስ ወዴት ይወስዳል? በአንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ ያለው ኃይል በአንድ ኪሎ ባትሪ ካለው ወደ 40 እጥፍ ይበልጣል። ጆቢ አውሮፕላኑ አንዴ በተሞላ ባትሪ እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ይላል። ከቤይሩት ቆጵሮስ ላርናካ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አይደርስም። ኩባንያው በ2024 ሃይድሮጅን የሚጠቀም ናሙና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ አብርሯል፣ ነገር ግን ሃይድሮጅኑን ቤይሩት ላይ የሚሞላ የለም። ቢደርስም የሚወስደው አራት ሰው ነው። አራቱ እነማን እንደሚሆኑ ደግሞ የ2006ቱ ወረፋ አሳይቶናል። በቁስለኛ ማመላለስ በኩል ግን ተስፋ አለው፦ መንገድ ሲዘጋ ከሲዶን ወይም ከበቃዓ አንድ ቁስለኛ ወደ ቤይሩት ሆስፒታል ማድረስ 160 ኪሎ ሜትር አይጠይቅም።

ለአዲስ አበባ ለሚያስቡ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከቤይሩት በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቀጥ ብሎ ለመነሳት የሚያስፈልገው ኃይልም ከአሥር በመቶ በላይ ይጨምራል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በሳሳ አየር ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለመሥራት አየር ስለማይስብ አቅሙ በከፍታ አይቀንስም፤ በደጋ አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሊባኖስ ግን ቀጥ ብለው የሚነሱ አውሮፕላኖችን ገዝታ ታውቃለች። በ2009 ሦስት የሲኮርስኪ የእሳት ማጥፊያ ሄሊኮፕተሮች በመዋጮ በተገኘ ገንዘብ ተገዙ። በጥቅምት 2019 የሹፍ ተራሮች ደን ሲነድ ሦስቱም ጥገና አጥተው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቆመው ነበር። ውኃ የሚረጩት አውሮፕላኖች የመጡት ከቆጵሮስ ነው፤ ቀጥሎም ዝናቡ ረዳ።