«እንዴት ከረማችሁ?»፦ ጡረተኛ ባልና ሚስት የሱሉልታን ብርድ እንዴት ያልፉታል?

ቆይተን ያገኘነውን ሰው «እንዴት ከረምክ?» እንለዋለን አይደል? ቃሉ ከ«ክረምት» ጋር አንድ ሥር ነው ያለው። ድሮ ዝናቡ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሰው ከሰው ሳይገናኝ ይከርማል። ዝናቡ ሲወጣ ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄው ነው።

ዛሬ አስፋልትም ስልክም አለን። ልጆች አድገው በወጡበት ቤት፣ ሁለት አዛውንቶች ብቻ በቀሩበት ቤት ግን ጥያቄው አሁንም የምር ነው። ከናንተ መሃል እናትና አባታችሁ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ የሚኖሩ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለነሱ ክረምት እናውራ።

*ብርዱ ከየት ይመጣል?*

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከቦሌ ተነስቶ ሱሉልታ የደረሰ ሰው ጃኬቱን ቢፈልግ አይገርምም። አትሌቶቻችን እዛ ሄደው የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ያው ስስ አየር ግን የ70 ዓመት አዛውንትን ዳገት ላይ ቶሎ ያደክማል።

ብርዱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክረምቱ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ፀሐይን ይሸፍናል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ይረጥባል። ሁለተኛው የበጋው ውርጭ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት በቶሎ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት የሱሉልታ ሜዳ ሣር ነጭ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ሥር ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ትንሽ ትሻላለች።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ቡራዩና ሰበታ ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሱሉልታ ላይ የዘነበው ግን በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። ጎረቤት ከተሞች ናቸው፣ ውኃቸው ግን አይገናኝም።

*ቀኑ እንዴት ይመሻል?*

እስቲ አንድ ቤት በምናባችን እንሳል። ጋሼ መምህር ነበሩ፣ እትዬ ደግሞ ቤታቸውን ሲመሩ ኖረዋል። ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ውጭ አገር ናቸው።

ጠዋት ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ሬዲዮ ይከፍታሉ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ጓሮ ይወርዳሉ፤ ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እዛው አለ። «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ይላሉ እንጂ የጓሮ ጎመን ለጡረተኛ ኪስ ትልቅ ድጋፍ ነው። እትዬ ቡናውን ያፈላሉ፣ ገብስ ይቆላሉ፣ አጥሚት ያዘጋጃሉ። ከሰዓት ደግሞ እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወይም የጀመሩትን ስፌት ያነሳሉ። ጎረቤት ከመጣ ዳማ አለ፣ ገበጣ አለ፣ ወሬ አለ።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። ጾመኞቹ አዛውንቶች በዚያ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ የቡሄ ዕለት ልጆች እየጨፈሩ በር ያንኳኳሉ። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ የልጅ ልጅ የሚመጣውም ያኔ ነው። ዝናቡ ሲወጣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሸፍናል፣ የአካባቢው ኦሮሞ ኢሬቻን ያከብራል። ክረምቱ ታለፈ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ «ሥራ ፈትነት» ይመስላል እንዴ? አይደለም። እጅ ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያ አይደርቅም፣ ቡና ሲፈላ ሰው ይመጣል። አዛውንትን ከብርዱ እኩል የሚጎዳው ብቸኝነት ነው።

*የጡረታው ብርስ?*

በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጋሼ 30 ዓመት አስተምረው ከሆነ 55 በመቶ ይደርሳቸዋል። አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር ከነበረ 5,500 ብር ማለት ነው።

ጋሼ ቢሞቱ ደግሞ ለእትዬ የሚቀጥለው የዚያ ግማሽ ነው። የቤት ኪራይ፣ መድኃኒትና ከሰል ግን በግማሽ አይቀንሱም።

እናንተም ስሙ፦ በግል ድርጅት ለምትሠሩ ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪያችሁ 11 በመቶ ይከፈላል። ገንዘቡ በስማችሁ እየገባ መሆኑን ዛሬውኑ አረጋግጡ።

*ከሰሉ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ*

ብርዱ ሲጠና፣ በተለይ መብራት ሲጠፋ፣ ከሰሉ ቤት ውስጥ ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅኑ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

«ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል፣ ችግር የለውም» የሚለው ስህተት ነው። ፍሙም ጋዙን ያወጣል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። አዛውንት «እርጅና ነው» ብለው ይተኛሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለውም እንቅልፉ ነው።

ስለዚህ፦
• ከሰል የግድ ከሆነ መስኮት ይከፈት።
• ከመተኛት በፊት ከሰሉ ከነማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ።
• ሙቀት ከልብስ ይምጣ፦ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ደራርቦ መልበስ። በላስቲክ የሞላ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግም ይሠራል።
• ሰው ራሱን ከሳተ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል።
• የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አያቋርጡ፤ ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊት ይጨምራል።

በሚቀጥለው ጊዜ ቤት ስትሄዱ ከሙዝና ከብርቱካኑ ጋር ወፍራም ካልሲ ያዙ። መስኮቱ መከፈቱን በእጃችሁ ሞክሩ። መሄድ ካልቻላችሁም ማታ ከመተኛታቸው በፊት ደውሉና «ከሰሉ ወጥቷል?» በሏቸው።

መስከረም ሲጠባ «እንዴት ከረማችሁ?» ስንላቸው፣ ሁለቱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው እንዲመልሱልን ነው።